የፈረንሳይ በዓላት የበጀት ቀዳዳ መድፈኛ አይደሉም

የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፍራንሷ ባይሩ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የትንሣኤ ማግሥት ሰኞና ሜይ 8 ከሕዝብ በዓላት ዝርዝር ወጥተው ሠራተኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሠራባቸው ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ሰኞው ሃይማኖታዊ ትርጉም እንደሌለው ተናግረው ነበር። መንግሥታቸው በሴፕቴምበር የመተማመኛ ድምፅ ተነፍጎ ወደቀ፤ ተተኪያቸው ሴባስቲያን ለኮርኑም ሐሳቡን ተዉት። አነጋገሩ ግን አብሮ አልወደቀም፤ ፈረንሳይን ያደኸያት ዕረፍት ነው የሚሉ ሁሉ ዛሬም ይደጋግሙታል።

ከ1905 ጀምሮ ሃይማኖትንና መንግሥትን በሕግ የለየች አገር ጠቅላይ ሚኒስትር የበዓልን ሃይማኖታዊ ክብደት መዛኝ የሚሆኑት በየትኛው ሥልጣናቸው ነው? ሚዛኑ ሃይማኖት ከሆነስ፣ ናዚ ጀርመን የተሸነፈችበት ሜይ 8 በምን ተመዝኖ ቀለለ?

በዓል ዋጋ የሚያገኘው ሁሉም በአንድ ቀን ሲያርፍ ነው። በቱሉዝ አቅራቢያ በምትገኘው ቤሲዬር በየዓመቱ በትንሣኤ ማግሥት ሰኞ 15,000 እንቁላል ተሰብሮ፣ በአደባባይ በተጣደ ግዙፍ መጥበሻ ላይ በረጃጅም እንጨት እየተማሰለ ኦምሌት ይሠራና ለተሰበሰበው ሕዝብ ይታደላል። ይህን ቀን የተነጠቀ ሠራተኛ በምትኩ ሌላ ማክሰኞ ቢሰጠው እንኳ የሚያገኘው ብቻውን ቤት መቀመጥን ነው። ፈረንሳይ ይህን በራሷ ላይ ሞክራ አይታዋለች። በ2003ቱ የሙቀት ማዕበል 15,000 ገደማ ሰዎች፣ አብዛኞቹም አረጋውያን፣ ከሞቱ በኋላ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ ገንዘብ ለማግኘት የጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ያለ ክፍያ የሚሠራበት ቀን ተደረገ፤ ቆይቶም አፈጻጸሙ ለየድርጅቱ ተተወ። ዛሬ በዚያ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ አባት ቢሮ ይገባል፣ እናት ከዓመት ፈቃዷ ቀንሳ ልጆቹን ትይዛለች፣ የጎረቤታቸው ቤተሰብ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ቀኑን ስለተወለት ጠዋት ተነሥቶ አገር ቤት ሄዷል። ለአረጋውያን ተብሎ የተወሰደው ቀን ልጅና የልጅ ልጅ ተሰብስበው አያታቸውን የሚጠይቁበት ቀን ነበር! ይህን ያደረገ ሕግ ስለ መተሳሰብ ሊያስተምረን አይችልም።

የፈረንሳይ ዕዳ ከባድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከሁለቱ በዓላት ይገኛል የተባለው 4.2 ቢሊዮን ዩሮ የበጀት ጉድለቱን ለመቀነስ ከታቀደው 43.8 ቢሊዮን አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። በትጋቷ ምሳሌ ተደርጋ የምትጠቀሰው ጀርመን ውስጥ አንድ ሠራተኛ በዓመት የሚሠራው ሰዓት በአማካይ ከፈረንሳዊው ያነሰ ነው፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ፈረንሳዊውን ሰነፍ ማለታቸው ያስቆጣል። የሊዮን ብሉም መንግሥት በ1936 የሁለት ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ ሲደነግግ፣ በ1982 ፈቃዱ አምስት ሳምንት ሲደርስ፣ በ2000 ሳምንታዊው ሥራ 35 ሰዓት ሲሆን፣ አገሪቱ ትጠፋለች የሚል ሟርት በየጊዜው ተሰምቷል። ፋብሪካው አልተዘጋም፤ ሠራተኛው ግን በነሐሴ ልጆቹን ይዞ ባሕር ማየት ቻለ። ከፈረንሳይ የምንማረው ካለ ይህን ነው፤ ዕረፍት በአሠሪ ቸርነት አይገኝም፣ በሕግ ይጸናል።

ሐሳቡን ዳግም የሚያነሣ የፋይናንስ ሚኒስትር ካለ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ቀን ግብር ነውና ግብር ብሎ ለምክር ቤቱ ያቅርበው፤ የሚከፍለውም ደመወዝተኛው ብቻ የሆነበትን ምክንያት ቆሞ ያስረዳ።