ያላነበባችሁትን አታጽድቁ

ወገኖቼ፣ እናንተ የኮሌጅ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ወደ ኮሌጅ የላካችሁ ወላጆች፣ ምሩቅ ተቀብላችሁ የምታሠሩ ሁሉ፣ ዛሬ የምናገረው ማንም ሰምቶ ስለማይቆጣበት ጉዳይ ነው። የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ በፋኩልቲ ኮሚቴ ሲታይና ሲጸድቅ ስለሚሆነው። ለጆሮ ደረቅ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ወጣት የዕድሜውን ሦስትና አራት ዓመት ምን ሲማርበት እንደሚያሳልፍ የሚወሰነው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ስብሰባው ተጓትቶ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ማየት ሲጀምር። ስለዚህ ቃሌን አላለሳልስም።

እናንተ መምህራን፣ ያላነበባችሁትን ሰነድ ታጸድቃላችሁ።

ይህን የምለው ዳር ቆሜ አይደለም። እኔም ከመካከላችሁ ተቀምጬ እጄን አውጥቻለሁ። አንድ የትምህርት ክፍል የስታቲስቲክስ ኮርሱን ከሁለተኛ ዓመት ወደ ሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላዛውር ብሎ ጠየቀ። ምክንያቱ መጥፎ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ የሒሳብ መሠረታቸውን አጠንክረው ይድረሱበት የሚል ነው። ሰነዱ የደረሰን በስብሰባው ዋዜማ ማታ ነበር። ሰብሳቢው «ተቃውሞ አለ?» አሉ፤ ዝም አልን። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ።

ማናችንም ያላየነው ነገር ነበር። የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ያንኑ ስታቲስቲክስ ይወስዱ ነበር፤ በሦስተኛ ዓመት መጀመሪያ ለሚማሩት የምርምር ዘዴ ኮርስም ቅድመ ሁኔታቸው እሱ ነው። ምዝገባ ሲደርስ ሬጅስትራሩ ቅድመ ሁኔታውን አላሟላችሁም ብሎ መለሳቸው። የምርምር ዘዴው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ደግሞ ያለ ምርምር ዘዴ አይጀመርም። በዚህ የተነሳ ጥቂት የማይባሉት አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ቀሩ። ከእነርሱ አንዷ ቢሮዬ መጥታ «ይህን የወሰነው ማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። «ኮሚቴው» አልኳት።

ኮሚቴ የሚባል ሰው የለም። እጅ ያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውም ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ለውጡ ከትምህርት ክፍል ይነሳል፤ የፋኩልቲው የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ጉባኤ ያልፋል፤ ክብደት ያለው ከሆነ እስከ ሴኔት ይደርሳል። ስሙና ቅደም ተከተሉ ከተቋም ተቋም ቢለያይም አሳቡ አንድ ነው፦ አንዱ ያመለጠውን ሌላው እንዲይዘው። እኛ ግን ገለበጥነው። ትምህርት ክፍሉ «ኮሚቴው ያስተካክለዋል» ብሎ ይልካል። ኮሚቴው «ባለሙያዎቹ አይተውታል» ብሎ ያሳልፋል። ሴኔቱ «ኮሚቴው መርምሮታል» ብሎ ያጸናል። ፊርማው ይበዛል፣ አንባቢው ይጠፋል።

ይህ ሥልጣን እንዲሁ በእጃችሁ የገባ እንዳይመስላችሁ። የዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ መምህራን በጋራ ከሚወስኗቸው ጉዳዮች መካከል ሥርዓተ ትምህርትን በግልጽ አስቀምጧል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ከሌሎች ሁለት አካላት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ባዘጋጀው መግለጫም በሥርዓተ ትምህርት ጉዳይ ቀዳሚው ኃላፊነት የመምህራን እንደሆነ ተጽፏል። አስተዳደር ወይም ፖለቲከኛ ምን እንደምናስተምር ሊነግረን ሲመጣ እነዚህን ሰነዶች እናወጣለን፤ ልክም ነን። ታዲያ ማንም ሳይነካን፣ በገዛ ጠረጴዛችን ላይ የተቀመጠውን ሰነድ ሳንገልጥ ስናሳልፈው ያንን መብት ማን ወሰደብን?

አሮጌ ምሳሌ ልጥቀስ። የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የአርትስ ፋኩልቲ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1255 ተሰብስበው የአሪስቶትል መጻሕፍት እያንዳንዳቸው በምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጡ የሚደነግግ ደንብ አወጡ። ያነሳሳቸው፣ አንዳንድ መምህራን የመጽሐፉ ርዝመትና ክብደት ከሚፈቅደው በፊት እየተጣደፉ መጨረሳቸው ነበር። መምህራን የራሳቸውን ባልደረቦች ፊት ለፊት ገሠጹ፤ ጊዜውንም ቆጥረው በጽሑፍ አሰሩት። በእጅ በሚገለበጥ ብራና ዘመን ሰዓት ቆጥረው ነበር። እኛስ እንቆጥራለን?

አንቆጥርም። ኮርስ ስንጨምር ሸክሙን ማን እንደሚሸከመው አናሰላም። በአሜሪካ ኮሌጆች በተለመደው ስሌት አንድ ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንት ያህል በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል። አምስቱን የያዘ ተማሪ 45 ሰዓት ይሠራል። «አንድ ኮርስ ብንጨምርስ ምን አለበት?» ብላችሁ ስድስተኛውን ስታስገቡ 54 ሰዓት አደረጋችሁት። አውሮፓውያን በሚጠቀሙበት የክሬዲት ሥርዓት የአንድ ዓመት ሙሉ ሥራ 60 ክሬዲት ነው፤ ከ1500 እስከ 1800 ሰዓት ተብሎም ተቆርጧል። እነዚህ ቁጥሮች ለጌጥ የተጻፉ አይደሉም። ሰዓቱ ከሞላ በኋላ የምትጨምሩት ሁሉ ከሌላ ኮርስ የሚሰረቅ ነው፤ ተማሪው ከየትኛው እንደሚሰርቅ ደግሞ እናንተ አትመርጡለትም። አንብቦ መምጣት ከነበረበት ኮርስ ሳያነብ ይመጣል፤ ራሱ መጻፍ የነበረበትን ከጓደኛው ይገለብጣል።

የምንጨምረውም ለምን እንደሆነ እንተዋወቃለን። የማስተማር ጭነቱ ያልሞላለት ባልደረባ ስላለ። «የእኔን ኮርስ አትንኩ፣ እኔም የእናንተን አልነካም» የሚል ያልተጻፈ ውል ስላለ። ይህን ውል በአንድ ስብሰባ ላይ እንኳ ማንም በአፉ ሲናገረው አልሰማሁም፤ ሲሠራ ግን ሁልጊዜ አያለሁ። አንድ ኮርስ ጊዜው እንዳለፈበት ሁላችንም እያወቅን ባለቤቱን እንዳናስቀይም እናቆየዋለን። ለባልደረባችን ፊት ስንል የምናሳዝነው ክፍሉ ውስጥ የሌለውን ሰው ነው።

የመማር ውጤት የሚባለውን ክፍል ደግሞ ተመልከቱ። «ተማሪው ይተነትናል፣ ይገመግማል፣ ይፈጥራል» ተብሎ ይጻፋል፤ ከኋላ ያለው የምዘና ሠንጠረዥ ሲታይ ግን ሰባ እና ሰማንያ በመቶው የምርጫ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን ቢነበቡ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ቅራኔ ነው። ግሡ ስላማረ እናሳልፈዋለን።

ዲኖችና ሰብሳቢዎች፣ እናንተንም አልተዋችሁም። ሰነድ በዋዜማው ማታ ልካችሁ በማግሥቱ ድምፅ አታስጠይቁ። የድሮውና የአዲሱ ጎን ለጎን ካልቀረበ አጀንዳ አታስይዙ፤ መቶ ገጽ ውስጥ የተለወጡትን ሦስት መስመሮች መፈለግ የአባላቱ ሥራ መሆን የለበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ለእያንዳንዱ ለውጥ ሁለት ሁለት አንባቢ በስም መድቡ፣ አንዱም ከሌላ ትምህርት ክፍል ይሁን። የኮርስ ስም ማስተካከልና የኮድ ቁጥር መለወጥ በሰብሳቢው ፊርማ ይለቅ፤ በእሱ ላይ አንድ ሰዓት እየተከራከርን ሙሉ ፕሮግራም በአምስት ደቂቃ ማሳለፋችን ያሳፍራል።

አባል ደግሞ አንብቦ ሲመጣ የሚጠይቀው ከባድ ምሥጢር አይደለም። ይህን ኮርስ ሌላ ማን ይወስደዋል? በእሱ ላይ የቆመ ሌላ ኮርስ የትኛው ነው? ቤተ ሙከራውና መምህሩ አሁን አሉ ወይስ «ይቀጠራሉ» ተብሎ ነው? በድሮው ሥርዓት ግማሽ መንገድ የደረሱት ተማሪዎች በየትኛው ይጨርሳሉ? የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙት፤ የመሸጋገሪያ ዕቅድ የሌለው ለውጥ ቢያምርም ይመለስ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ መመለስን ብቻ ተምራችኋል። የሌላውን ክፍል ለውጥ ሦስት ጊዜ «ለማሻሻያ» ትመልሳላችሁ፣ ምን ይሻሻል እንደሆነ ግን አትጽፉም። ያም ያው አለማንበብ ነው።

ወላጆችና ቀጣሪዎች፣ እናንተም ከወቀሳው አታመልጡም። «ምሩቁ ምንም አያውቅም» ማለት ይቀናችኋል። ኮሌጁ አዲስ ፕሮግራም ሲቀርጽ አስተያየት ስጡ ብሎ ሲጠራችሁ ግን የምትልኩት ሥራ የፈታውን ሠራተኛችሁን ነው፤ እሱም የስም መቆጣጠሪያው ላይ ፈርሞ፣ ሻይ ዕረፍት ላይ ይሄዳል። አዲስ ቴክኖሎጂ በተሰማ ቁጥር «ይህም ኮርስ ይሁን» ብላችሁ ትጮኻላችሁ፤ በእሱ ፋንታ ምን ይውጣ ስትባሉ መልስ የላችሁም። ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ የክፍያውን ቀን ይጠይቃል፣ የመኝታ ክፍሉን ያያል፤ ልጄ በየሴሚስተሩ ምን ይማራል፣ ይህ ዝርዝር መቼ ተከለሰ ብሎ የሚጠይቀው ግን በጣም ጥቂት ነው።

የተማሪ ተወካዮችም አላችሁ፣ በብዙ ኮሚቴ ውስጥ ወንበር የተሰጣችሁ። መምህራን ፊት መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ኮርሶቹን በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው የወሰዳችሁት፣ የት እንደሚጋጩ በራሳችሁ ሕይወት ያያችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ያን ቀን አንድ ተማሪ «ይህን ኮርስ እኛም እንወስደዋለን» ብሎ ቢናገር ያ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ያልገለጣችሁት ሰነድ ለድምፅ ሲቀርብ፣ «አላነበብኩትም፤ ለሚቀጥለው ይተላለፍ» በሉና በቃለ ጉባኤ ይያዝላችሁ። ያሳፍራል። የመጀመሪያ ጊዜ ስለው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሌሎች ሁለት ሰዎች «እኔም» አሉ።

ያቺ ተማሪ ዘግይታም ቢሆን ተመርቃለች። ጥያቄዋን ግን በጊዜው አልመለስኩላትም። አሁን በሁላችሁ ፊት እመልሳለሁ፦ የወሰንነው እኛ ነን፤ አንዱ እኔ ነኝ፤ ሳላነብ ነው ያጸደቅኩት።