የፔናንግ ጎዳና እና የእኛ የባህል አዳራሽ

ከውጭ አገር እንግዳ ሲመጣብን የት እንደምንወስደው ይታወቃል። ግድግዳው ላይ ጋሻና አገልግል የተሰቀለበት፣ እስክስታው ከክትፎው ጋር አብሮ የሚቀርብበት የባህል ምግብ ቤት ነው። እንግዳው ያጨበጭባል፤ እኛም አገራችንን አስጠራን ብለን ሒሳቡን እንከፍላለን። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ቅያስ፣ ባለቤቷ ራሷ ሽሮ የምታንተከትክበት ጠባብ ቤት ግን ለእንግዳ አይመጥንም ይባላል። ማን እንደወሰነው አላውቅም።

በማሌዥያዋ የፔናንግ ደሴት ያየሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ከምኖርበት ጀርመን ምግብና ቅርስ ለማየት ከተነሳ ቡድን ጋር ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ጆርጅ ታውን ተጉዤ ነበር። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ላይት እ.ኤ.አ. በ1786 የቆረቆራት ይህች የወደብ ከተማ ከቻይና፣ ከደቡብ ሕንድና ከአካባቢው ደሴቶች የመጡ ነጋዴዎችና ወዛደሮች የሰፈሩባት ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመላካ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የቻይኖቹና የሂንዱዎቹ ቤተ መቅደሶች፣ የካፒታን ክሊንግ መስጊድ፣ ሁሉም በእግር ጥቂት ደቂቃ ተራርቀው ቆመዋል። አስጎብኚያችን ግን አንዱንም ከማሳየቱ በፊት የእግረኛ መንገድ ዳር ከፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጠን።

ቦታውን ኮፒቲያም ይሉታል። የቤቱ ባለቤት የሚሸጠው ቡናና ሻይ ነው፤ ምግቡን የሚሠሩት ከእርሱ ቦታ የተከራዩ ባለ ጋሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ምግብ ነው፤ ብዙዎቹም ሙያውን ከአባት ወይም ከእናት የወረሱ ናቸው። የሩዝ ኑድል የሚጠብሰው ሽማግሌ ከሰሉን እያራገበ የዳክዬ እንቁላል ይሰብራል፣ ያገላብጣል፣ ሰሃኑ ላይ ይገለብጣል፤ ከዚያ መጥበሻውን እንደገና ያሞቃል። ሰልፉ ምንም ቢረዝም የሁለት ሰው ምግብ ባንድ ላይ አይጠብስም። ሽሪምፑ፣ የባሕር ዛጎሉና የአሳማው ስብ ግን እኔን ከገበታው አራቁኝ። ጀርመኖቹ ከልባቸው አዘኑልኝ፤ ሁለተኛ ሰሃን ከማዘዝ ግን አልታቀቡም።

ዓርብ ዕለት ተራው የእኔ ሆነ። በሕንዶቹ ሰፈር ሥጋ የማይገባበት ምግብ ቤት ሞልቷል። ቅቤና እርጎውን ብቻ እየጠየቁ ማስቀረት ነው። ቶሳይ የሚሉት ቂጣ ሩዝና ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ አድሮ ከኮመጠጠ ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ ይጋገራል። የእኛ እናቶች ሊጡን ከዳር ጀምረው ወደ መሐል እያዞሩ ያፈስሳሉ፤ እነርሱ መሐል ላይ አፍስሰው በጭልፋው ጀርባ ወደ ዳር ያሰፉታል። ሩዙና ወጡ በሙዝ ቅጠል ላይ ሲቀርብ የጓደኞቼ ዓይን ሹካ ፍለጋ ተንከራተተ። በቀኝ እጅ፣ በጣት ጫፍ መጉረስን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ለዓመታት ቢላዋና ሹካ አያያዝ ያረሙኝ ሰዎች መዳፋቸው ላይ ወጥ እየፈሰሰ ሲቸገሩ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላል።

በፔናንግ የባለሥልጣን መኪና ከጋሪው ፊት ይቆማል፤ የቀን ሠራተኛውና ሐኪሙ ጎን ለጎን ይበላሉ። ጎብኚው የሚመጣው ሊቀላቀላቸው ነው። ለእርሱ ተብሎ የተለየ ምግብ አልተሠራም፤ ዋጋውም የሰፈሩ ሰው የሚከፍለው ነው። በሚያኮራቸው ነገር አያፍሩም። መኩራታቸው አንዳንዴ ልክ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የውጭ ዜጋ የታወቁትን የጎዳና ምግቦች በዋና አብሳይነት እንዳይሠራ የፔናንግ አስተዳደር ከልክሏል። እኔ በሰው አገር እንጀራዬን የምበላ ሰው ስለሆንኩ ይህ ሕግ አልጣመኝም።

ከምግቡ ወደ ቤቶቹ ስንዞር ነገሩ ይለወጣል። የቤት ኪራይ ጣሪያ የሚወስነው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 መባቻ ላይ ሲነሳ፣ በእነዚያ ጥንታዊ ቤቶች በርካሽ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ኪራዩን መቋቋም አቅቷቸው ወጡ። ቤቶቹ ቀለም ተቀብተው ሆቴልና ቡና ቤት ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊቱዌኒያዊው ኧርነስት ዛካሬቪች በሳላቸው የግድግዳ ሥዕሎች ፊት ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል፤ ከሥዕሉ ጀርባ ባለው ግቢ ማን ይኖር እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ቻይኖቹ በየጎሳቸው ባሕሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ በሠሯቸው መንደሮች ደግሞ ነዋሪው አሁንም አለ፤ አያት ቴሌቪዥን ሲያዩ ጎብኚው በመስኮት አንገቱን ያስገባል። የእኛን ሰዎች ክንዳቸውን ይዤ መለስኩ።

ፒያሳን ማሰቤ አልቀረም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ቤቱም ነዋሪውም አንድ ላይ ሄዱ። የሰፈሩ ጭቃና የጋራ መጸዳጃው ይናፍቀኛል ብዬ አልዋሽም፤ መንገዱ መስፋቱንም አልጠላሁም። ነገር ግን በጆርጅ ታውን ሰው ወጥቶ ግድግዳው ሲቀር፣ በፒያሳ ግድግዳውም ሰውም ሳይቀር፣ የጎረቤቱን ማንነት የሚያውቀው ምግብ ቤት በሁለቱም ቦታ ደንበኛውን አጥቷል። ጎዳና ቢታነጽ እርሱን መልሶ አያመጣውም።

ከቡድኑ ጥቂቶቹ ቀጣዩ ጉዞ ወደ ኢትዮጵያ እንዲሆን ፈልገው የት እንሂድ ብለውኛል። ሐረር ብያቸዋለሁ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 ተመዝግቧል፤ ከግንቡ ውስጥ ግን ዛሬም ሰው ይወልዳል፣ ይድራል፣ ይነግዳል። አንዳንድ ቤተሰቦች የሐረሪ ቤታቸውን ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ፤ ጫማ አውልቆ፣ በተነጠፈው መደብ ላይ ተቀምጦ የቤቱን ቁርስ መብላት ነው። ሹካ ይኖር እንደሆነ ጠይቀውኛል።