የኢግቦን ቤት ማን ከፈለው?

ነጭ መጣ፣ ልጅ ከአባቱ ተለየ፣ ቤት ፈረሰ። ኢግቦ የሚባለው የናይጄሪያ ሕዝብ ከክርስትና ጋር የተገናኘበት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንዲህ ነው። እኔ ግን ቤቱ ቀድሞም ተሰንጥቆ ነበር ባይ ነኝ።

ሲጀመር የመጣው ነጭ ብቻ አልነበረም። በ1857 እ.ኤ.አ. በኒጀር ወንዝ ዳር፣ ኦኒቻ ላይ የአንግሊካን ሚሲዮን ሲከፈት ሥራውን የመራው ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር ነው፤ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ነፃ የወጣ፣ ዮሩባ ከሚባለው ሌላ የናይጄሪያ ሕዝብ የተወለደ ሰው። እዚያው ቀርቶ ያስተማረው ጆን ቴይለር ደግሞ ሴራሊዮን ይወለድ እንጂ ወላጆቹ በባርነት የተወሰዱ ኢግቦዎች ነበሩ።

ታዲያ ቀድመው የተጠጓቸው እነማን ናቸው? ብዙዎቹ መንደሩ የገፋቸው ናቸው። ለአማልክት የተሰጡት ኦሱዎች አሉ፤ ከጨዋ ልጅ ጋር አይጋቡም፣ ልጆቻቸውም ያንኑ ስም ይወርሳሉ። መንታ የወለዱ እናቶችም ነበሩ። መንታ መውለድ እንደ ርኩሰት ስለሚቆጠር ሕፃናቱን ጫካ ወስደው ይጥሏቸው ነበር። እስቲ ያቺን እናት አስቧት። አምጣ የወለደቻቸውን ልጆች ጥላ፣ ጡቷ ወተት እንደያዘ ቤቷ ትቀመጣለች። አንድ ሰው መጥቶ «ልጆችሽ አልረከሱም» ቢላት አትከተለውም? እኔ ልፈርድባት አልችልም።

የአባቶቹም ሐዘን ግን ቀላል አልነበረም። በኢግቦ ቤት የበኩር ልጅ ከአባቱ «ኦፎ» የሚባለውን የሥልጣን በትር ይወርሳል። ለአያት ቅድመ አያቶች መሥዋዕት የሚያቀርበው እሱ ነው። አባቱ ሲሞት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀብር በኋላ ሁለተኛ የቀብር ሥርዓት ያደርግለታል። ይህ ካልተደረገ ሟቹ ከአባቶቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ሲንከራተት ይኖራል። እንግዲህ የበኩር ልጁ ተጠምቆ መጣና «እኔ ይህን አላደርግም» አለ። ሽማግሌው የሰማው «ስትሞት ሜዳ ላይ እጥልሃለሁ» የሚል ቃል ነው።

እዚህ ላይ ሚሲዮናውያኑን እወቅሳለሁ። የመንታዎቹን መገደል መቃወማቸው ልክ ነበር። ልጅ አባቱን በወጉ እንዳይሸኝ ሲከለክሉ ግን አባትን ማክበርን ከጣዖት አምልኮ ጋር ደባልቀው ጣሉት።

በኋላ እንግሊዞች በጦር ገቡ። ፍርድ ቤቱም ቢሮውም ጸሐፊ ይፈልግ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. የመጣው አይርላንዳዊው ካቶሊክ ጆሴፍ ሻናሃን ይህን አይቶ በትምህርት ቤት ላይ በረታ። ያኔ ልጁን እጁን ይዞ ወደ ሚሲዮን የሚወስደው አባትም በዛ።

በጣም የሚያሳዝነኝ የኦሱዎቹ ነገር ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ ናይጄሪያ ምክር ቤት ኦሱ የሚባለውን ልዩነት በሕግ ሻረ። ዛሬ ኢግቦ ማለት በአብዛኛው ክርስቲያን ነው። ሆኖም ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ቤተሰብ አሁንም ዘር ይቆጥራል። አንደኛው የኦሱ ልጅ ሆኖ ከተገኘ፣ በአንድ ቤተክርስቲያን ያደጉት ልጆች እንዳይጋቡ የሚከለክሉት የተጠመቁት ወላጆቻቸው ናቸው።