ዝም ማለት ለማይሆንላቸው ድረ ገጾች የቀረበ ምስጋና

ምስጋናችንን ከመስመሯ እንጀምር። በሁለት አንቀጾች መሃል የተጋደመች፣ አበባ ቢጤ ጣል ጣል ያለባት ቀጭን መስመር አለች። የሚያይ ሰው ልብም አይላት። በስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ለሚያነብ ዓይነ ስውር ግን «ግራፊክ፣ ወርቃማ መለያ መስመር ከትንንሽ አበቦች ጋር» ተብሎ በክብር ይነገረዋል። ገጹ ላይ ስምንት ቦታ ካለች ስምንት ጊዜ። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚል እንዲህ ያለ ታዛዥ ጌጥ ከየት ይገኛል?

ይህን የሚያስነብበው አልት ነው፤ ምስሉን በቃል እንዲተካ ኮዱ ውስጥ የሚጻፍ ጽሑፍ። ከዚህም የባሱ ለጋሶች አሉ፤ አልትን ጭራሽ የማይጽፉት። ስንፍና የመሰለው ሰው ካለ ተሳስቷል። አልት ከምስሉ ኮድ ሲጠፋ ስክሪን ሪደሩ ምስሉ ጌጥ ይሁን ቁም ነገር የሚለይበት መንገድ አያገኝም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ፣ በተለይ ምስሉ ሊንክ ውስጥ ከሆነ፣ የፋይሉን ስም ወይም አድራሻውን ያነበንባል፦ «አይኤምጂ አንደርስኮር ዜሮ ዜሮ አራት ሁለት ሰባት ዳሽ ፋይናል ዳሽ ፋይናል ሁለት»። ቅኔ ነው እኮ! ወርቁን የሚያውቀው ፋይሉን የሰየመው ሰው ብቻ ነው።

እርግጥ አንባቢውን ከዚህ ሁሉ በረከት የሚያጎድሉ ክፉዎች አይጠፉም። ተንኮላቸው አጭር ነው፦ አልትን ይጽፉና በሁለቱ ትምህርተ ጥቅሶች መሃል ምንም አያስገቡም፤ አንዲት ክፍት ቦታ እንኳ። ስክሪን ሪደሩም ምስሉን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። አንዳንዶቹማ ጌጡን የገጹ ይዘት ከሚጻፍበት ኮድ ከኤችቲኤምኤሉ አውጥተው፣ የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ የጀርባ ምስል ያደርጉትና የአልትን ጣጣ ከነአካቴው ይገላገሉታል። በኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተሳለ ምስል (ኤስቪጂ) ሲሆን አልት አይሠራለትምና ከስክሪን ሪደር የሚደብቀውን «አሪያ ሂድን»ን «ትሩ» ብለው አፉን ይለጉሙታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውሲኤጂ 2.0፣ ደግሞ የልብ ልብ ሰጥቷቸዋል፤ መስፈርት 1.1.1 ለጌጥ ብቻ የገባ ምስል እንደ ስክሪን ሪደር ያለ አጋዥ ቴክኖሎጂ ሊያልፈው በሚችል መንገድ ይሠራ ይላል። ደረጃውም ኤ ነው፤ ከዚያ በታች ደረጃ የለም።

ደግነቱ ጀግኖቻችን በቀላሉ አይረቱም። አልቱን ባዶ አድርጉ ተብለው ሲገደዱ እዚያው ኮዱ ውስጥ «ታይትል» በሚለው ቦታ «የሚያምር ጥምዝ» ብለው ይጽፉና፣ ዝም ያለውን ምስል እንደገና ለመለፍለፍ ያበቁታል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የአይከን ችሎታቸው ነው። «ስልክ» ተብሎ የተጻፈበት ሊንክ ውስጥ የስልክ አይከን ይጨምሩና አልቱን «የስልክ ምስል» ይሉታል። አንባቢው የሚሰማው «ሊንክ፣ ግራፊክ፣ የስልክ ምስል፣ ስልክ» ነው። ምስል መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ተናግሯል፣ ስልክ መሆኑን ጽሑፉ ተናግሯል፤ ባዶ አልት በበቃው ነበር። ግን ቸር ሰው መች ይቆጥራል?

ቁጠባም ቢሆን ያውቁበታል። ጽሑፍ የሌለው፣ አጉሊ መነጽር ብቻ የተሳለበት የፍለጋ በተን ሲገጥማቸው «ይኸማ ጌጥ ነው» ብለው አልቱን ባዶ ያደርጉታል። ምስሉ የበተኑን ሥራ ብቻውን ስለተሸከመ «ፈልግ» መባል የነበረበት እዚህ ነበር። አሁን ግን አንባቢው በታብ ቁልፍ ይደርስበትና «በተን» ብቻ ይባላል። የምን በተን? ተጭኖ ይወቀው!

ይህን ሁሉ መስተንግዶ ራሱ መቅመስ ለሚፈልግ ድረ ገጽ ሠሪ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይጫናል። ገጹን ከፍቶ «ጂ» የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ ሲነካ ከግራፊክ ወደ ግራፊክ ይዘላል፤ በአግባቡ ባዶ የተደረገ ጌጥ በመንገዱ አይመጣበትም። የሞከሩትም አሉ። ሦስተኛዋ ወርቃማ መስመር ላይ ሲደርሱ ራሳችንን አዞረን ብለው ድምፁን አጠፉት።