እርማት፦ የሚጥል በሽታ ሲነሳ የሚሰጠውን መድኃኒት ነርስ ብቻ አይደለም የሚሰጠው

እህቴ፣ "አደልት ፋሚሊ ሆም (እንክብካቤ የሚፈልጉ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት) ውስጥ ሰው ሲጥለው ተንከባካቢ መድኃኒት መንካት ክልክል ነው፣ 911 (የአሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ስልክ) ደውሎ መጠበቅ ብቻ ነው" ያልሽው ልክ አይደለም። ስንቱ ሐበሻ በዚህ ሥራ ላይ እያለ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ዋሺንግተን ስቴት ውስጥ ነርስ ዴሌጌሽን የሚባል፣ ነርስ አንዳንድ ሥራዋን ለተንከባካቢ በውክልና የምትሰጥበት ሕግ አለ። ሬጅስተርድ ነርሷ ነዋሪውን ታያለች፣ የዴሌጌሽን ኮርሱን የወሰደውን ተንከባካቢ እዚያው ታሠለጥናለች፣ መመሪያውን በጽሑፍ ትሰጠዋለች፣ ከዚያም ቢያንስ በየ90 ቀኑ እየመጣች ትከታተላለች። መርፌ ላይ ጥብቅ ገደብ አለ። ለሚጥል በሽታ ግን ዛሬ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት አለ፤ ናይዚላም በ2019፣ ቫልቶኮ በ2020 ነው የተፈቀዱት፣ ሁለቱም የጤና ባለሙያ ያልሆነ ሰው እንዲሰጣቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ብቻ ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው ብለሽ እንዳትጫኚው፣ አንዱ ዕቃ አንዴ ብቻ ነው የሚረጨው!

ውክልናው የሰው በሰው ነው። ለአንዷ እናት የተሰጠሽ ፈቃድ አጠገቧ ያሉት አባት ሲጥላቸው አያገለግልም፣ ያለ ውክልና መስጠትም ያስጠይቃል። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ ጠይቁ።

911 ደግሞ አይቀርም፣ በተለይ 5 ደቂቃ ካለፈ፤ ስለዚህ መንቀጥቀጡ እንደጀመረ ሰዓት ተመልከቺ። በጎን አስተኚያቸው። አፋቸው ውስጥ ማንኪያ አትክተቺ፣ ክብሪት ጭረሽም አታሽትቻቸው፣ እባክሽ።

የነገ ተረኛ ከሆንሽ ፋይሉን ክፈቺና ስምሽ ያለበት የውክልና ወረቀት መኖሩን እዪ፤ ከሌለ ዛሬውኑ ለነርሷ ደውዪላት።