እርማት፦ 12ቱ አርኪታይፖች የዩንግ ዝርዝር አይደሉም

«ዘ ላየን ኪንግ» ስለተሰኘው የ1994 የአኒሜሽን ፊልም ያቀረቡትን ትንታኔ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም «ካርል ዩንግ የዘረዘራቸው 12 አርኪታይፖች» የሚለው አነጋገር፣ ብዙዎች የሚደጋግሙት ቢሆንም፣ መታረም ይኖርበታል። (አርኪታይፕ ማለት በተረቶችና በሕልሞች ውስጥ የሚደጋገም ዓይነተኛ ምስል ነው።) ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዩንግ ስለ ጥላ (ከራሳችን ስለምንደብቀው ገጽታችን)፣ ስለ እናት፣ ስለ ጠቢቡ ሽማግሌና ስለ ተንኮለኛው ቀልደኛ በስፋት ጽፏል እንጂ 12 ብሎ ቆጥሮ የዘጋው ዝርዝር የለውም፤ እንዲያውም አርኪታይፖች በሕይወት ውስጥ የሚደጋገሙ ዓይነተኛ ሁኔታዎችን ያህል ብዙ እንደሆኑ ነበር የሚያምነው። የ12ቱን አከፋፈል በሰፊው ያስተዋወቁት አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ካሮል ፒርሰን ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው ዩንግ ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ስሕተቱ የቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። ዝርዝሩ ግን ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ሣጥን እንድንፈልግ ይገፋፋናል። ዝንጀሮውን ራፊኪን «ጠቢቡ» ብለው ያለፉበትን ትዕይንት እባክዎ ደግመው ይመልከቱት፦ መጀመሪያ ትርጉም የለሽ ዘፈን እያዜመ ወጣቱን አንበሳ ሲምባን ያሰለቸዋል፤ ቀጥሎ ወደ ውሃው ወስዶ በገዛ መልኩ ውስጥ አባቱን እንዲያይ ያደርገዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አናቱን በዱላ ይመታዋል። ያቺ ዱላ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከምክሩ ሁሉ ትበልጣለች፤ ራፊኪ በዚያች ቅጽበት መካሪም ተንኮለኛ ቀልደኛም ነውና። የሲምባ አባት ሙፋሳም ቢሆን «ገዥው» በሚለው ስያሜ ብቻ አይያዝም፤ ከሞተ በኋላ ከደመና ውስጥ ልጁን ወደ ተወው ኃላፊነት የሚጠራ ድምፅ ሆኖ ይመለሳል።