ካሜራው ይስጥልን

የበዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ፌስታል ዱቄት በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ፣ በግራው ስልኩን ደግኖ ወደ ድሆች ደጅ የሚገሰግሰውን የዘመናችንን ደግ ሰው ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ኋላ ቀር ነበሩ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል እንዳለ ተቀብለው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጠው የኔ ቢጤ ሳንቲማቸውን ጣል አድርገው ያልፉ ነበር፤ በሐዲስ ተመሳሳይ ምክር የተሰጠው ሙስሊም ጎረቤታቸውም ሰደቃውን ይደብቅ ነበር። የዛሬው ለጋስ ግን ትእዛዙን አልሻረም፤ ግራ እጁ ቀረጻ ላይ ስለሆነ ቀኙ የሚሠራውን ለማወቅ ፋታ የለውም፣ የሚያውቀው ሕዝቡ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ ለአንድ ምስኪን ሽማግሌ መጽውቶ፣ የሰውየው ችግር ስላሳመመው የሰጠው ለራሱም ዕረፍት እንደሆነ ተናግሯል ይባላል። ፈላስፎች ደግነት ለሰው ነው ወይስ ለራስ እያሉ ስንት ዘመን ደክመዋል! የእኛ ሰው «ላይክና ሼር ማድረግ እንዳትረሱ» ብሎ ገላገላቸው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ዕዳ የሚባለውን ነገር ማስቀረቱን ነው። ቀድሞ ተቀባይ «እግዜር ይስጥልኝ» ይል ነበር፤ እኔ የምከፍልህ የለኝምና እርሱ ይክፈልልኝ ማለቱ ነው፤ ሰጪም ዋጋውን እስከ ወዲያኛው ዓለም ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ያን ያህል ማን ይጠብቃል? እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዕንባቸውን ሲጠርጉ ስልኩ ጠጋ ይላል (ዕንባው ከዘገየ ስለ ሟች ባለቤታቸው ደግመው ይጠየቃሉ)፣ ተመልካች ይጎርፋል፣ የዘይቱ ዋጋ ሳይመሽ ይመለሳል። እማማ በበኩላቸው ፊታቸውን፣ የተቀደደ ፍራሻቸውንና ለዕድርተኛ እንኳ ያልነገሩትን ችግራቸውን ከፍለዋል፤ ደረሰኝ ግን አልተቆረጠላቸውም።

ባለፈው ባየሁት አንድ ቪዲዮ ላይ እናቲቱ ዘይቱን ታቅፈው፣ «ልጄ፣ ይሄ ዐረብ አገርም ይታያል እንዴ? እዚያ ያለችው ልጄ ደህና ነኝ ስላልኳት ነው» ሲሉ ጠየቁ። ለጋሳችን ፊቱ በደስታ በራ። «እንዴታ እማማ! እርሷም ታየዎታለች» አላቸው፤ ያችን ክፍል ቆርጦ አላወጣትም፣ ከሥሯ ዋሽንት አስገባባት እንጂ።